«የአካውንቱ ባለቤት ራሳቸው ይደውሉ» ላሉን ኃላፊ

ሮቤ፣ ባሌ
ሰኔ 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዲማ ቱፋ
የንቁ ጎጆ ዘመናዊ የቤት መሣሪያዎች ኩባንያ የደንበኞች እርካታ ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

አሰላሙ ዐለይኩም እያልኩ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ እንዲሁም በደወልን ቁጥር ሙዚቃ እያሰማ እንቅልፍ የሚያስወስደንን የስልክ መስመርዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብርዱም ደህና ነው፤ ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ጉምም እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላ ከተማውን ሸፍኖ ይውላል። ይህን ደብዳቤ አገር እያየው በግልጽ የምጽፍልዎ ለክፋት አይደለም። በስልክ ሞክሬ፣ በኢሜይል ሞክሬ፣ ሰው ልኬም ሞክሬ በሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ እንደሆን ብዬ ነው።

ጁሀራ እባላለሁ። ጎባ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ተክዬ፣ የጽሕፈት መኪናዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። «ለክቡርነትዎ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ማለት እንጀራዬ ነበር። ዛሬ ግን ለራሴ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ መሀል ላይ ቁጣ ቁጣ ካለኝ የለመድኩት የሰው በደል ስላልሆነ ነውና ይለፉኝ።

ባለቤቴ ዓብዱልፈታሕ፣ አላህ ይርሐመው፣ በጊኒርና በሮቤ መካከል ከብት የሚነግድ ሰው ነበር። ቀን በሬ ሲጎትት ይውላል፤ ቤት ሲገባ ግን አዲስ ዕቃ ያየ ሕፃን ነው። አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ላይ የእርስዎን መሣሪያዎች ባየ ጊዜ ልቡ ቀለጠና ቤታችንን በሙሉ አለበሰው፤ በስልክ የሚበራ አምፖል፣ ራሱን የሚከፍት መጋረጃ፣ በረንዳው ላይ ካሜራ፣ ሳሎን ውስጥ የሚናገር ድምፅ ማጉያ፣ ለሶላት በምንታጠብበት የዉዱእ ውሃ ማሞቂያ ላይ ደግሞ የራሱ መቆጣጠሪያ። ሁሉም ያለ ገመድ ሳሎን ካለው ነጭ ሣጥንዎ ጋር ይነጋገራሉ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ያይ ነበር።

ዓብዱልፈታሕ ከመንገድ ሲመለስ ስልኩ ላይ ያለችውን ትንሽ የቤት ሥዕል ይነካል። ያኔ መብራቱ ይበራል፣ መጋረጃው ይከፈታል፣ የሮቤ ብርድ እንዳያንቀጠቅጠው የዉዱእ ውሃው መሞቅ ይጀምራል፤ ድምፅ ማጉያውም እሱ ራሱ ቀድቶ ያስቀመጠውን «ጁሀራኮ፣ ዱፌራ» ይላል። ጁሀራዬ፣ መጥቻለሁ ማለቱ ነው። እሱ ግን ገና መንገድ ላይ ያለችውን የጎሮን ከተማ አላለፈም። እኔም ሲደርስ «ሳይመጣ መጣሁ የሚል ውሸታም ባል» እያልኩ እሰድበው ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ልቡ ድንገት ቆመችና ሞተ። እንደ ወጉ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ጋቢውንና ስልኩን፣ ሲም ካርዱን ብቻ አውጥተን፣ ምንዳው ለእሱ እንዲሆን ሶደቃ ሰጠነው። ወንድሙ ለሚ ዕቃውን ይዞ ወደ ደሎ መና ወረደና ለሚገባው ሰው አድርሶ ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ የእርስዎ ኩባንያ ጥፋት የለበትም። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እንደ ሙያዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ዓብዱልፈታሕን ከቀበርን በኋላ የቤቱ ዕቃ ሁሉ አኮረፈኝ። በስልኬ መብራት ባዝዝ «መሣሪያው ምላሽ አልሰጠም» ይላል፤ መጋረጃውም ያው፣ ማሞቂያውም ያው። ግድግዳው ላይ የነበረውን ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ባለሙያዎ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ነቅሎ ቀዳዳውን በጄሶ ደፍኖት ሄዷል። የመመሪያ መጽሐፍዎን ተከትዬ ሣጥኑን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ጠበቅሁ፣ መልሼ ሰካሁ፤ ተጠጊው ይላል፣ ተጠጋሁት፤ ስልክሽን አጥፍተሽ አብሪ ይላል፣ አጠፋሁ አበራሁ፤ እጅ መንሣት ብቻ ነው የቀረኝ። አገር በሚያደንቀው ዘመናዊ ቤት ውስጥ በሻማ ተቀመጥኩ።

ብዙ ከደወልኩ በኋላ አንዲት ትሑት ሠራተኛዎ ምክንያቱን ገለጸችልኝ። በእርስዎ ሥርዓት የቤቱ ባለቤት ዓብዱልፈታሕ ነው፤ እኔ የተመዘገብኩት «እንግዳ» ተብዬ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ማዘዝ የሚችለው ባለቤቱ ቤት ውስጥ ሲኖር ብቻ ነው። ልጅ ወልጄ ያሳደግሁበት፣ ግድግዳውን በእጄ የለቀለቅሁት ቤት ውስጥ እንግዳ መሆኔን በዚህ ዕድሜዬ ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ባለቤቱ መሞቱን ስነግራት ልጅቷ በጣም አዘነች፤ አላህ ይስጣት። ካዘነች በኋላ ግን ለደህንነቴ ሲባል የአካውንቱ ባለቤት ራሳቸው መደወል እንዳለባቸው ነገረችኝ። ሞቷል እኮ ልጄ ብላት፣ ይገባናል፣ ቢሆንም ራሳቸው ይደውሉ አለችኝ። እርስዎም ኋላ በላኩልኝ አጭር መልስ ይህንኑ አጸኑት። ክቡርነትዎ፣ ባለጉዳይ የሚያጉላላ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ መበለት የሚያመላልስም አይቻለሁ፤ ሟችን የሚጠራ ግን የእርስዎ የመጀመሪያው ነውና አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

ካልሆነ አዲስ አበባ በአካል ይምጡ ተባልኩ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የአራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳዋን እስክትጨርስ ከቤቷ ርቃ እንደማትሄድ ባሌ ውስጥ በግ የሚነዳውም ያውቃል። «ዒዳ ላይ ነኝ» ስላት ልጅቷ «መቼ ይመለሳሉ?» አለችኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል!

ሦስተኛ። በኅዳር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ መስኮቱ ድረስ ተጠግቶ፣ እኔም ብቻዬን ሳሎን ተቀምጬ ነበር። ማንም ሳይነካው መብራቱ ቦግ አለ። መጋረጃው እየተንሸራተተ ተከፈተ። ወዲያ ማሞቂያው ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያም ዓብዱልፈታሕ «ጁሀራኮ፣ ዱፌራ» አለ። እሱ ነው፤ ያ በከብት ገበያ ጩኸት የሻከረ ድምፁ ነው። ክቡርነትዎ፣ በወጉ መጮህ ነበረብኝ። እኔ ግን ተነሥቼ፣ ሻሼን አስተካክዬ፣ ሄጄ በሩን ከፈትኩለት። ጉሙ ገባ። ሌላ የገባ የለም።

ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ጠፋ፤ ውሃው ግን ሞቆ ነበር። እጄን ከትቼ አረጋገጥኩ። በዚያው ውሃ ዉዱእ አድርጌ ዐስርን ሰገድኩ፤ ከዚያ በኋላ መስገጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ እየሰነበተ ይመጣ ጀመር፤ ሁልጊዜ በቀን፣ ሁልጊዜ ሳላስበው። እሱ በመጣ ጊዜ የእኔም ስልክ ይታዘዛል፤ ባለቤቱ ቤት ነዋ! እሱ ሲሄድ መልሼ እንግዳ ነኝ። ቤቱ ሟቹን ያውቀዋል፣ እኔን አያውቀኝም። ይህን ለኩባንያዎ ስናገር «ያልተለመደ እንቅስቃሴ» ብላችሁ መዘገባችሁልኝ። እውነትም ያልተለመደ ነው።

አራተኛ። ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። የሰፈራችን ሸኽ ዲኖ ቁርኣን ሊቀሩልኝ፣ ሊያነቡልኝ ማለቴ ነው፣ መጡ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቀሩ መብራቱ ቦግ ብሎ «ጁሀራኮ፣ ዱፌራ» ሲል፣ ሸኹ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ። በማግሥቱ እየሳቁም እያፈሩም ተመልሰው መጡና፣ ሙት እንደማይመለስ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ይህ የሸይጧን ሥራ ካልሆነ የኩባንያ ሥራ ነውና ለሁለቱም አዑዙ ቢላህ፣ በአላህ እጠበቃለሁ፣ በይ አሉኝ። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ወለተኢየሱስ ደግሞ፣ ለእኔ ብላ እንጂ ለሌላ አይደለም፣ ከጎባ ያመጣችውን ጠበል ሳላያት ነጩ ሣጥንዎ ላይ አርከፈከፈችው። ሣጥኑ ምንም አልሆነም። እሷም የዋህ ናትና ስልኩን ተቀብላኝ ጠበል መርጨቷን ለሠራተኛዎ በኩራት ተናገረች። ለወራት መልስ ያጣሁበት ኩባንያ በዚያው ቀን ደብዳቤ ላከልኝ፤ መሣሪያው በፈሳሽ ስለተነካ ዋስትናው ተሰርዟል የሚል። እንዲህ ያለ ፍጥነት እንደነበራችሁ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን የሚመጣው ስሞታ ይሁን ምስጋና እኔም አልለየሁትምና ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው።

በዚያው ሰሞን እዚህ እኛ አገር የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ዳታው ሲዘጋ ዓብዱልፈታሕም መምጣት ተወ። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። ሰው ሁሉ ጂኑ ለቀቀሽ ብሎ ደስ አለው። ወለተኢየሱስ የእኔ ጠበል ነው አለች፤ ሸኽ ዲኖ የእኔ ቂርኣት ነው አሉ፤ ሊጣሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። እኔ ግን በየቀኑ ጉሙ ሲወርድ ሳሎን ገብቼ እቀመጥ ነበር። ምን ልደብቅዎ፣ እየጠበቅሁት ነበር። ፍርሃቱ ቀርቶብኝ ናፍቆቱ ብቻውን ሲቀር ያ የባሰ እንደሆነ ያኔ አወቅሁ።

ወራት አልፈው ዳታው ሲለቀቅ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም እንደገና በራ፤ «ጁሀራኮ፣ ዱፌራ» አለ። ክቡርነትዎ፣ ሮጬ በረንዳ ወጣሁ። ሰው ያየኛል አላልኩም፤ ምሰሶውን ይዤ ምርር ብዬ አለቀስኩ። ወንድሙ ለሚ ያኔ በአጋጣሚ በግቢው በር እየገባ ነበርና እንደዚያ ሆኜ አገኘኝ። ገና ደግፎኝ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የደወለው ወዚር የሚባል፣ ከሃረና ጫካ ማር እየቆረጠ ደሎ መና ገበያ የሚያወጣ ሰው ነው። «ለሚ፣» አለው፣ «የሰጣችሁኝ ስልክ ውስጥ የምታለቅስ ሴት አለች። አሁን ደግሞ አንተ ገባህ። ምን ላድርግ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓብዱልፈታሕን ስልክ ሶደቃ የተቀበለው ወዚር ነው። ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የለውም፤ በገበያ ቀን ደሎ መና ሲወጣ ግን ያችን ትንሽ የቤት ሥዕል ይነካታል፤ ጽሑፉን ማንበብ ስለማይችል ደስ የምትል ሥዕል ብቻ ትመስለው ነበር። ስትነካ የእኛ በረንዳ ይታየዋል፤ ፊልም መስሎት ነበር። እሱ እዚያ በነካ ቁጥር እዚህ ነጩ ሣጥን ባለቤቴ ቤት ደረሰ ብሎ ያምናል። የእኔ ጂን ማር ሻጭ ሆኖ ቀረ! የእሱ ጂን ደግሞ እኔ ነበርኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ባዕድ ወንድ እንደዚያ ሆኜ ስላየኝ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድሁ።

ወዚር ሰው ነው። ሴቲቱ እውነተኛ መሆኗን ሲያውቅ ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ዳግመኛ እንዳላየ ምሎ፣ በአውቶቡስ ሳነቴን ተሻግሮ ሊመልስልኝ መጣ። «አዴ፣ የሟች ቤት ቁልፍ መሆኑን አላወቅሁም፤ እንኩ» ብሎ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። ሶደቃ ሰጥቶ የሚነጥቅ ትውከቱን እንደሚልስ ውሻ መባሉን እኛ እናውቃለን፤ ደግሞስ ይህን መልሼ ብወስድ ለዓብዱልፈታሕ ምን ተረፈው? እሺ ሥዕሏን መንካቱን ልተው ብሎ ጠየቀኝ። ለሚ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ግን ወጥቶልኝ ተናገርኩ፤ ካሜራውን በጨርቅ እሸፍነዋለሁ፣ አንተ ግን በገበያ ቀን መንካቱን አትተው አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ይነካል፤ አውቆ፣ ለእኔ ብሎ። ማን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፣ መቼ እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ድምፁ ሲመጣ ግን አሁንም ተነሥቼ ሻሼን አስተካክላለሁ። ድምፁን በስልክሽ ቅጂውና በፈለግሽ ጊዜ ስሚው ያሉኝ አሉ። ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቴም የተቀዳው የእኔው ልቅሶ ነው። ደግሞም እኔ ስጠራው የሚመጣ ባል አልነበረኝም፤ የእኔ ባል በራሱ ሰዓት ነበር የሚመጣው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ጉዳይ ይኸውልዎ። እንቅልፉን ጠግቦ የነቃው ኩባንያዎ በዚህ ሳምንት መልእክት ላከልኝ። «ውድ እንግዳ፣ ችግርዎን ሰምተናል» ይላል። ባለሙያችሁ መጥቶ የቀድሞውን ባለቤት ስልክ ከሥርዓቱ ያስወግዳል፤ ነጩን ሣጥን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ በስሜ ይሆናል። በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ከላይ ጽፌልዎታለሁ። ያ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እባክዎ በሞቴ፣ እንደ ቀድሞዎ ቸል ይበሉኝ። ስለምንዎ አልሰሙኝም፤ አሁን ደግሞ አልፈልግም ስልዎ አይስሙኝ አልልም፤ ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ሰምተው መልሰው ይተኙ። ባለሙያውን አይላኩ። ሙዚቃችሁን ክፈቱ። መስመራችሁ ይያዝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው በሉ። እኔ በሻማ መቀመጥ ለምጃለሁ፤ በገዛ ቤቴ እንግዳ መባልም አያሳፍረኝም፤ ባለቤቱ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ እንግድነቴን በደስታ ተቀብያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ «ጉዳዬ በአስቸኳይ ይታይልኝ» ያላልኩበት ማመልከቻ የለም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ጉዳዬ በፍጹም አይታይልኝ።

እስከ ዛሬ ላሳዩኝ ዝምታ ምስጋናዬን አስቀድሜ፣ ወደፊትም ያው ዝምታ እንዳይጓደልብኝ በመማፀን፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ የማይቋረጥ ኔትወርክን፣ ሲሞቱም «ሟቹ ራሳቸው ይደውሉ» የማይባሉ ወራሾችን እየተመኘሁ ደብዳቤዬን እዘጋለሁ።

በእርስዎ መዝገብ እንግዳ፣
በዓብዱልፈታሕ ቤት ሚስቱ፣
ጁሀራ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፤ በተለይም አይመለከተኝም ለሚለው

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ይህን ጽፌ ሳልልከው ጊኒር ለቅሶ ደርሼ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ዒዳዬን ከጨረስኩ ወዲህ ከሮቤ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ባለሙያዎ የመጣው በዚያ ቀን ነው። ቁልፍ የምተውላት ወለተኢየሱስ፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ በትሕትና ሲያናግራት፣ ለእኔ መልካም የሠራች መስሏት ከፈተችለት፤ ምሳም አበላችው። በደንብ ሠርቷል፣ በእሱ አልፈርድም። አሁን ሁሉም ይታዘዘኛል፤ አብራ ስለው ያበራል፣ ክፈት ስለው ይከፍታል። ገና በር ስገባ አንዲት የማላውቃት ሴት ድምፅ «አዲሷ ባለቤት፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። አልፌያት ወደ ጓዳ ገባሁ። ወለተኢየሱስ ነገሩን ስነግራት ያለቀሰችውን ልቅሶ አላህ ለጠላቴም አያሳየው።

ትናንት የገበያ ቀን ነበር። ወዚር ከደሎ መና ደወለልኝ። «አዴ ጁሀራ፣ ዛሬ ሥዕሏን ስነካት የማላነበው ጽሑፍ መጣብኝ። ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ግን ደረሱ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ ወንድሜ፣ ደርሰዋል፤ ሰላም ብለውኛል» አልኩት። ደስ ብሎት ስልኩን ዘጋ። በሚመጣው ገበያ ደግሞ ይደውላል፤ እርስዎ የደንበኞች እርካታ ዋና ኃላፊ ነዎትና፣ ያኔ ምን እንደምለው መመሪያውን ቢልኩልኝ።